አያ ወዳጆ ካቴድራል ገቡ

የዋጃ ሰው አዲስ ሕንፃ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው። ከዚያ የጣሪያው ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ ያያል፤ ከዚያ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቀለሙ ተራ የሚደርሳቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አትፍረዱበት። እኛ የራያ ቆላዎች የምናርሰው በራሳችን ደመና ብቻ አይደለም፤ በሰው ደመናም ነው። ምዕራብ በኩል ደጋው ላይ ሲጠቁር፣ እኛ ዘንድ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ገበሬው አካፋውን ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ጎርፉ ደረቁን አሸዋ እየጠረገ ሲደርስ በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል። የዘገየ ሰው ጎርፉ የጎረቤቱን ማሳ አጥግቦ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ውኃ በየት ገብቶ በየት ይወጣል የሚለው ጉዳይ ለራያ ሰው ከሃይማኖት ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይቀድማል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አያ ወዳጆ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዋጃ ላይ ጤፍና ማሽላ ያርሳሉ፣ ሽንኩርት ይሞክራሉ፣ ሽንኩርት የተሳካላቸውን ሰዎች ያማሉ። አዲስ አበባ የመጡት የዓይን ሞራ ሊታዩ ነበር። ሐኪሙ አንዱን ዓይን አይቶ «ይሄ ደህና ነው፣ ሌላውን በቀጠሮ» ስላላቸው፣ እስከ ቀጠሮው ድረስ ለደህናው ዓይን የሚታይ ነገር የመፈለጉ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። መርካቶ ወሰድኳቸው። «ያው የኮቦ ገበያ ነው፤ ብቻ ማለቂያው ጠፍቶበታል» አሉ። ባቡር አሳፈርኳቸው። ሰው በቆመበት አንቀላፍቶ ሲሄድ አይተው አዘኑ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁርሳቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ጃንሆይ ያሉበት ውሰደኝ» አሉኝ።

«ለጉብኝት?»

«የምጠይቃቸው ነገር አለኝ።»

ጃንሆይ ያሉበት ማለት አራት ኪሎ፣ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እኔም የከተማ ዘመድ ነኝና፣ የከተማ ዘመድ ደግሞ አስረጅ ካልሆነ ክብር የለውምና፣ ስለ ሕንፃው ማንበብ ጀመርኩ። ከጣልያን ወረራ በፊት ተጀምሮ፣ በጦርነቱ ተቋርጦ፣ ከነፃነት በኋላ አልቆ በ1936 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ወደ ቅጡ ሲመጣ ግን መጻሕፍቱ ይንተባተባሉ። ትልቅ የመዳብ ጉልላት አለው፤ ቀጫጭን ሹል ማማዎች አሉት፤ ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶች፣ ከድንጋይ የተጠረቡ ወንጌላውያን፣ ሞዛይክ፣ የግድግዳ ሥዕል አለው። ጉልላቱን ያየ ባሮክ ይላል፣ ሹሉን ያየ ጎቲክ ይላል፣ ወለሉን ያየ ባዚሊካ ይላል፣ ቅዳሴውን የሰማ ደግሞ ያሬድ ነው ይላል። ሁሉም ልክ ናቸው። ሕንፃውን ባንድ ስም የጠራ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ፣ አያ ወዳጆን አስከትዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ነገሩ የሆነው የቅርቡ እድሳት ገና ሳይጀመር ነው።

በር ላይ ጥበቃው በትሕትና ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ዱላዎን እዚህ ቢያኖሩት» አላቸው።

የራያን ሰው ዱላህን አስቀምጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጁ አላወቀም። አያ ወዳጆ አልተቆጡም። የበለጠ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ውስጥ መቋሚያ የለም?»

«አለ፤ ለካህናቱ ነው።»

«ታዲያ እኔ ቅዳሴ ሙሉ በምን ልደገፍ?»

«ወንበር አለ አባባ።»

አያ ወዳጆ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው፣ ደህናው ማለቴ ነው፣ ፈጠጠ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

«ውስጥ።»

በዚህ ጊዜ ዱላው ተረሳ። ጥበቃውም ሳቀና አሳለፈን። እኔ ወዲያው ስለ ጎቲክ ልጀምር ስል አያ ወዳጆ ቀድመውኝ ወደ ሕንፃው ጎን ታጠፉ። አንገታቸውን አቅንተው አሸንዳውን እየተከተሉ፣ በዱላቸው ጫፍ አየር ላይ እየነደፉ፣ ሙሉውን ካቴድራል ዞሩት። እኔም ሹል ማማውን በአንድ እጄ፣ የአንባቢነቴን ክብር በሌላው እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ዋጃ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ቄሱ ምን እንዳሉ የሚሰማው መቅደስ ውስጥ ያለ ዲያቆን ብቻ ነው። ምእመኑ ልምድ ስላለው መቼ እንደሚሰግድ ያውቃል። «መዳብስ ያንኳኳል?» ብለው ጠየቁኝ። አላነበብኩትም። በመጨረሻ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆሙና ፈረዱ፤ «ሠሪው ዝናብ ያውቃል።» የጎቲክ ትምህርቴ እዚያው ላይ አበቃ።

ወንጌላውያኑ ግን አስቸገሩን። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ከድንጋይ ተጠርበው ቆመዋል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንን በሥዕል ነው የሚያውቃቸው፤ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ግድግዳ ላይ ነው፣ ሚካኤል ከነሰይፉ ሸራ ላይ ነው፤ ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው ከፊት ለፊት ያዩሃል እንጂ ጀርባ የላቸውም። ሐውልት ጀርባ አለው። አያ ወዳጆ ለመሳለም ፈልገው አንድ እርምጃ ቀረቡ፣ ተጠራጥረው ግማሽ እርምጃ ተመለሱ። «ሥዕል ሲሆን ረግቶ ይቀመጣል» አሉ፤ «ይኼ ግን ሊወርድ ያሰበ ይመስላል።» በስተኋላ መፍትሔ አገኙለት፤ ሐውልቱን ትተው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ተሳለሙ። ድንጋይ ለድንጋይ ያው ነው፣ የቱ እንደተሳመ እግዚአብሔር ያውቃል።

ውስጥ ገብተን ጫማችንን አወለቅን። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው። የኛ አጥቢያ ክብ ናት፤ ውጭው ቅኔ ማኅሌት፣ መካከለኛው ቅድስት፣ እምብርቱ መቅደስ። ክብ ቤት ውስጥ ሰው ቢጠፋብህ ዝም ብለህ ትዞራለህ፣ ዞሮ ዞሮ ይመጣል። እዚህ ከጠፋ ጠፋ። ባዚሊካ ስለሚባለው ረጅም ቤት ላስረዳ ሞከርኩ፤ የአክሱም ጽዮንም፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ባብዛኛው ረጃጅም መሆናቸውን፣ ክቡ ቅርጽ ከእነሱ በኋላ እየበዛ የመጣ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ላሊበላን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አሉ። በእግራቸው ሄደዋል፤ ከዋጃ እስከ ላስታ በእግር የሄደ ሰው ላይ በመጽሐፍ መከራከር ነውር ነው። «ይምርሐነ ክርስቶስንም አይቻለሁ። ዋሻ ውስጥ። እንጨት፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ድንጋይ እየደረበ ነው የሠራው። ቅይጥ አይደል?»

ነው። እንዲያውም አያ ወዳጆ ሳያስቡት ትልቁን ክርክር ነክተዋል። እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ መገንባት የአክሱም ሰዎች ጥበብ ነበር። አክሱም ከወደቀ ዘመናት በኋላ የላስታ ነገሥታት ያንኑ ይዘው ቀጠሉ። ላሊበላ ላይ ያለው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳው ልክ የእንጨት አግዳሚ እንዳለበት ሁሉ ወጣ ገባ ተደርጎ ተጠርቧል። ዐለቱ አግዳሚ አያስፈልገውም፤ ያለ እንጨት ይቆማል። ግን አባቶች በእንጨት ሠርተውት ነበርና በድንጋይ አስመሰሉት። ሰዎች ስለ ንጹሕ ቅጥ ሲያወሩ ስሰማ ይህ ግድግዳ ትዝ ይለኛል። እንኳን ሥላሴ፣ በዓለም የታወቁት ውቅሮቻችን እንኳ የሆነ ሌላ ቤት ለመምሰል ሲሞክሩ የተሠሩ ናቸው።

ወንበሩ ደረሰ። አያ ወዳጆ አግዳሚውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ዞር ዞር ብለው ሰው እንዳላያቸው አረጋገጡ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ፣ ለመነሣት በተዘጋጀ አቀማመጥ፣ ግማሽ ቁጭ አሉ። ጸሎት አደረሱ። ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተቀምጦ የተጸለየ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይደርሳል።»

«እንጃ። በጣም አልደከመኝም።»

ከፊት ለፊት የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን ዙፋኖች አሉ። እነሱን ሲያዩ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላቸው። «አሃ፣ እነሱ ሲቀመጡ ነው ሌላውም የተቀመጠው!» ይህን የታሪክ ማስረጃ ልክም ይሁን አይሁን ለማፍረስ አቅም አልነበረኝም። መስኮቶቹ ላይ ፀሐይ በቀይና በሰማያዊ መስታወት እያለፈች ትወርዳለች፤ ባንድ በኩል ብሉይ ኪዳን፣ በሌላው ሐዲስ። አያ ወዳጆ ጋቢያቸው ላይ ያረፈውን ቀይ ብርሃን አራገፉት። አልለቀቀም።

ከዚያ ሥዕሉ ጋ ደረስን። ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከመላእክትና ከሰማዕታት ጋር ዲፕሎማቶች ሲሳሉ ማየት ለፈረንጅ ጎብኚ ሳይገርም አይቀርም። እኛን አይገርመንም፤ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉን ያሠራው ባላባት ከሥር ተንበርክኮ ተስሎ እናገኘዋለን። አያ ወዳጆን ያሳሰባቸው ሌላ ነበር።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ሰኔ 23 ቀን 1928።»

«ማይጨውስ?»

«መጋቢት 22፣ በዚያው ዓመት።»

ጣታቸውን አየር ላይ ይዘው ከማይጨው እስከ ጄኔቭ ያለውን መንገድ ለኩ። «ከማይጨው ሲመለሱ በአሸንጌ፣ በኮረም አድርገው ነው የመጡት። ከዚያ ላሊበላ ገቡ፣ ጸለዩ። የእኛን ደጃፍ ነክተው ነው ያለፉት። እሱ የት ነው የተሳለው?»

«አልተሳለም።»

«ያኔ ራያና ዓዘቦ በሚመለሰው ጦር ላይ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፤ ተኩሷል።»

«ዝም በል እንግዲያ» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ሥዕሉን በአክብሮት እያዩ። «እዚህ አይነሣም።»

ወደ መቃብሩ ሄድን። ሁለት ትላልቅ የግራናይት ሣጥኖች፤ የአክሱምን ቅጥ የያዙ። ጃንሆይ እዚህ የደረሱት በቀጥታ አይደለም። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ደርግ የት እንዳኖራቸው ለዓመታት ምሥጢር ነበር፤ አስከሬናቸው ከተገኘም በኋላ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው ከእቴጌይቱ ጎን ያረፈው። ራሳቸው ባሠሩት ቤት ለመቀበር ሩብ ምዕት ዓመት ወረፋ ጠበቁ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው አያ ወዳጆ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ የሚጠየቀው ነገር ሊጠየቅ ነው።

የአያ ወዳጆ አባት፣ አያቴ ማለት ነው፣ በ1935 ራያ፣ ወጀራትና እንደርታ በመንግሥት ላይ ሲነሡ ከተነሡት አንዱ ነበሩ። አመፁ ለእግረኛ ጦር ስላስቸገረ መንግሥት እንግሊዞችን ለመነ፤ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ ጣሉ። መቀሌ ላይም ወደቀ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ አውሮፕላን ሲያልፍ ከዛፍ ሥር ይገቡ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሆኑ ቢነገራቸውም «እሱም ቢሆን» ይሉ ነበር።

«ይህ ቤት መቼ ተመረቀ አልከኝ?»

«በ1936።»

«አውሮፕላኖቹስ መቼ ነበር የመጡት?»

«መስከረም ላይ። በዚያው በ1936።»

ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሥራ በዝቶባቸው ነበር ማለት ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ነፍስ ይማር» ብለው በግንባራቸው አማተቡ። ጥያቄው ይሄው ነበር፤ መልሱን አልጠበቁም። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ያነበብኩት ሁሉ ሲረባበሽብኝ ተሰማኝ። ሕንፃውን ሳጠና ማን ባሮክን አመጣ፣ ማን ጎቲክን አመጣ እያልኩ ነበር። በዚያው ዓመት በመንግሥት በጀት መዝገብ ላይ የመዳብ ጉልላትና የራያ ሰው አንድ ላይ እንደነበሩ ማንም መጽሐፍ ባንድ ገጽ አልጻፈልኝም።

ወደ ግቢው ስንወጣ ነገሩ ይብሱን ተቀላቀለ። ቅይጥ የተባለው ሕንፃው ነው፤ መቃብሩ ግን ያስንቀዋል። ከፊት በኩል፣ ከአርበኞች ጋር፣ አንዲት እንግሊዛዊት አርፈዋል፤ ሲልቪያ ፓንክረስት። በወረራው ዘመን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቁመው የተሟገቱ፣ በኋላም መጥተው አዲስ አበባ የኖሩ ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐረፉ።

«በመስቀል ዕለት?» አሉ አያ ወዳጆ። «ቀን መምረጥ ያውቃሉ። እንግሊዝ አልከኝ? ያው አውሮፕላን የላከው?»

«ያው። ግን እሳቸው ከእኛ ጋር ነበሩ። ሲቀበሩም ወለተ ክርስቶስ ተብለው ነው።»

«እንግዲያማ የእኛ ናቸው። አንድ እናት ሁለት ዓይነት ልጅ ትወልዳለች፤ እናቴ እኔንና አጎትህን አልወለደችም?» የአጎቴ ጉዳይ ሌላ ወግ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ የረሸናቸው የጃንሆይ ሚኒስትሮችና ሹማምንት እዚህ ናቸው። ደርግን የጣለው ወገን መሪ መለስ ዜናዊም እዚህ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ በቀናት ልዩነት ያረፉት አቡነ ጳውሎስም እዚህ ናቸው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እዚህ ናቸው። አያ ወዳጆ ስሙን ሁሉ እያስነበቡ፣ ለእያንዳንዱ አንድ «ነፍስ ይማር» እየሰጡ፣ አድልዎ ሳያሳዩ ሄዱ። ጥላሁን ገሠሠ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ለጃንሆይ ከሰጡት ጊዜ የበለጠ ሰጧቸው። በጎረምሳነታቸው ኮቦ ላይ ሬዲዮ ያለው አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ጥላሁን የሚዘፍን ከሆነ ሻይ አዝዘው አይጠጡትም ነበር፤ ከጠጡት ተነሡ ይባላሉ። ይህን ሲተርኩልኝ እየሳቁ ነበር። ቀጥለው ግቢውን በሙሉ ቃኙና «ማታ ማታ ምን ይነጋገሩ ይሆን?» አሉ።

አንድ ጥላ ሥር አረፍን። አያ ወዳጆ እዚህ ግን ወንበር ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ሁሉም የተደባለቀበት ሌላ አገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። በመጨረሻ ያነበብኩት የሚጠቅምበት ሰዓት መጣ! ስለ ስፔን ነገርኳቸው። ኮርዶባ ላይ በ785 እ.ኤ.አ. ታላቅ መስጊድ ተጀመረ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እየጨመረ ሰፋ። በ1236 ክርስቲያኖች ከተማዋን ሲይዙ ቤተ ክርስቲያን አሉት። በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ መሐሉን ነቅለው ትልቅ ካቴድራል ተከሉበት። ዛሬ ቀይና ነጭ በተፈራረቀባቸው ቅስቶች ሥር ስትሄድ ቆይተህ፣ በድንገት ራስህን መንበር ፊት ታገኘዋለህ። ሴቪያ ላይ ደግሞ መስጊዱን አፍርሰው ግዙፍ የጎቲክ ካቴድራል ሲሠሩ ሚናራውን ማፍረስ አሳዘናቸውና ተዉት፤ ጫፉ ላይ ደወል ሰቀሉበት።

«አዛን ይባልበት የነበረው ላይ?»

«እሱው ላይ።»

«ሰዎቹስ?»

«መስጊዱን የሠሩት? ከጊዜ በኋላ ተባረሩ። የመጨረሻዎቹን ዘሮቻቸውንም ከ1609 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስወጧቸው።»

አያ ወዳጆ መሬቱን በዱላቸው ጫሩ። «ሰዎቹን አስወጥተው ምሰሶውን ያዙ?»

«እንደዚያ ነው።»

«እኛ ተቃራኒው ነን። ሰዎቹ አሉ፤ ምሰሶ ነው የሌለን።»

የሚስታቸው ወንድም ሰይድ ነው። ሚስታቸው ለጋብቻው ስትል ተጠምቃ ወለተ ማርያም ተባለች፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ዘሀራ ይላታል፣ እሷም ለሁለቱም አቤት ትላለች። አያ ወዳጆ የሠርጋቸውን ነገር አነሡ። ሰይድ በራሱ ቢላ የራሱን ሙክት አርዶ ለእስላሙ እንግዳ አበሰለ፤ የክርስቲያኑ በሬ በሌላ በኩል ተጣለ። «ድስቱ ሁለት፣ ዳሱ አንድ» አሉ። ከዚያ በካቴድራሉ አቅጣጫ ጀርባቸውን ሳያዞሩ አገጫቸውን ወረወር አድርገው «ይኼም ያው ነው፤ ብቻ ድስቱ በዝቶበታል» አሉ። እኔ ከሌሊቱ ንባቤ ሁሉ ይህን የመሰለ አላገኘሁም፤ አላልኳቸውም እንጂ፤ ከነገርኳቸው ዋጃ ሲመለሱ አያስቀምጡኝም።

ስፔንን ካነሣሁ ዘንድ ፔድሮ ፓኤዝን መዝለል አልቻልኩም። ማድሪድ አጠገብ የተወለደ የጀስዊት መነኩሴ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ተይዞ የመን ላይ ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ኖሮ፣ ሞክሮ ሞክሮ በ1603 እ.ኤ.አ. ገባ። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ በ1618 ግሽ ዓባይን አየ፤ አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አደረገ፤ ጎርጎራ ላይ ደግሞ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት ሠራላቸው። ሰው ሁሉ ቤት ላይ ቤት ተሠራ እያለ ይጎርፍ ነበር ይባላል። ፓኤዝ በ1622 እዚያው ሞተ። የንጉሡ ሃይማኖት መለወጥ ግን አገሩን በደም አጥቦ፣ ልጃቸው ፋሲል ሲነግሡ ጀስዊቶቹ ተባረሩ።

«ፎቁስ?»

ፎቁ አልተባረረም። ፋሲል መነኮሳቱን አባረው ሲያበቁ ጎንደር ላይ በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ አሠሩ፤ ልጃቸውም፣ የልጅ ልጃቸውም ቀጠሉ። ሊቃውንቱ የፖርቹጋል፣ የህንድ፣ የአገር ቤት እጅ እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አያ ወዳጆ ይህን በጣም ወደዱት። ከጎርፍ የሚፈለገውን ወስዶ ጭቃውን ማሳለፍ ለእሳቸው አዲስ ጥበብ አይደለም።

ማታ ቤት ስንገባ ስልክ አስደወሉኝ። አያ ወዳጆ በስልክ ሲያወሩ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ዋጃ ድረስ እንዲሰማ አድርገው ነው። ያነሣው ሰይድ ነበር። ሁሉንም ዘረዘሩለት፤ ጉልላቱን፣ ወንበሩን፣ ሚናራው ላይ የተሰቀለውን ደወል፣ የእንግሊዟን ሴትዮ፣ ሚናራውን የተዉትን ሰዎች፣ ጥላሁንን፣ በየመን የታሰረውን መነኩሴ። የትኛው አራት ኪሎ፣ የትኛው ጎርጎራ፣ የትኛው ስፔን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አላባከኑም። በመሐል በመሐል «አዎ፣ በዓይኔ!» ይላሉ። ባሮክ የሚል ቃል አልወጣቸውም። እኔ ላርም ስል በእጃቸው ዝም በል አሉኝ፤ ካርዱ የእኔ ነው፣ ወሬው ግን የሳቸው።

ወሬ ከጎርፍ ይፈጥናል። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ከዋጃ ደወለች። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማት እንደ ፈራች ሁሉ ጠየቀችኝ፤

«አንተ ልጅ፣ ጃንሆይን ከእስፔን መስጊድ ውስጥ ነው እንዴ ያገኟቸው? ሰይድ ደስ ብሎት ሰፈሩን እየዞረ ነው። ቄሱም ሰምተው ከቅዳሴ መልስ ሊያናግሩኝ ይፈልጋሉ። ወንድሜን አገናኘኝ።»

አያ ወዳጆ ከወዲያ ሆነው ሰምተዋል። ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡና «ተኝቷል በላት» አሉኝ።